ከልጄ ስም ጎን የተጻፈው ስም

የልጄ ኮሌጅ ለወላጆች የሚልከው መጽሔት ሰሞኑን በፖስታ መጣ። ብዙ ጊዜ ሳልገልጠው ጠረጴዛ ላይ ይከርማል። የአሁኑን ግን ልጄ ራሷ ገለጠችልኝ። ከኋላ በኩል አስተማሪዎች፣ ተማሪዎችና የቀድሞ ተማሪዎች ምን እንደሠሩ በአጭር በአጭሩ የሚነገርበት ክፍል አለ። እዚያ መሀል ጣቷን አሳረፈች።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ልጄና የባዮሎጂ አስተማሪዋ ዜብራ መስል ስለሚባል የሐይቅ ፍጥረት ያጠኑትን በአንድ የሳይንስ ስብሰባ ላይ በፖስተር አቀረቡ ትላለች። በቃ። ሜዳሊያ የለ፣ ዋንጫ የለ፣ ጂፒኤ የለ። የእኔ ዓይን ግን ከልጄ ስም ይልቅ አጠገቡ ባለው ስም ላይ ቀረ። የአስተማሪዋ ስም ነው። ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን፣ በእኩል ፊደል ተጽፈዋል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ኮሌጁ ካላማዙ ኮሌጅ ይባላል። ሚሺጋን ውስጥ ነው፤ ስሙ የከተማው ስም ነው። የተመሠረተው በ1833 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ተማሪዎቹ 1,200 ገደማ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ተማሪ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሞልቷል። ግቢው ኮረብታ ላይ ነው። ስቴትሰን የሚባል የጸሎት ቤት አለው። ደወሎቹ ሲደወሉ ሁልጊዜ የሰፈሬ የእሑድ ጠዋት ትዝ ይለኛል።

እንዲህ ዓይነቶቹን እዚህ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ይሏቸዋል። አገር ቤት ላለች እህቴ ይህን ለማስረዳት ብዙ ለፍቻለሁ። «ሥዕል ነው እንዴ የምትማረው?» አለችኝ መጀመሪያ። አይደለም። ኬሚስትሪ የሚያጠናውም ታሪክ ይማራል፤ ፍልስፍና የሚያጠናውም ላቦራቶሪ ይገባል። በአብዛኛው የሚሰጡት የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ነው። ለእኔ ዋናው ነገር ይሄኛው ነው። የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪ ስለሌለ፣ ፕሮፌሰሩ ለምርምሩ አጋዥ ሲፈልግ የሚያገኘው ያንኑ የ19 እና የ20 ዓመት ልጅ ነው። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ብትገባ ወረፋው ልጄ ጋ ላይደርስ ይችል ነበር። እዚህ ግን በሁለተኛ ዓመቷ ቦቲዋን አድርጋ ከአስተማሪዋ ጋር ሐይቅ ገባች።

ካላማዙ ደግሞ ማንም ተማሪ በመጨረሻው ዓመት የራሱን አንድ ሥራ ሳይሠራ አይመረቅም። ጥናት ሊሆን ይችላል። ቲያትር ሊሆን ይችላል። የሥዕል ትርኢትም ይሆናል። ብዙዎቹ ሦስተኛ ዓመት ላይ ውጭ አገር ሄደው ተምረው ይመለሳሉ።

በዚህ መንገድ ካለፉት አንዷ የእኛው ልጅ ናት፤ ሠዓሊዋ ጁሊ ምሕረቱ። በ1970 አዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ ኢትዮጵያዊ የጂኦግራፊ ምሁር፣ እናቷ አሜሪካዊት አስተማሪ ናቸው። በ1977፣ በዚያ በደርግ ክፉ ዘመን፣ ቤተሰቡ ከአገር ወጥቶ ኢስት ላንሲንግ ገባ። አባቷ እዚያው ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። እሷ ግን ያን የሚያህል ዩኒቨርሲቲ ደጇ ላይ እያለ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ወደሚያስነዳው ትንሽ ኮሌጅ ሄደች። መሀል ላይ ወደ ሴኔጋል ተሻግራ ዳካር በሚገኘው ሼክ አንታ ዲዮፕ ዩኒቨርሲቲ ተማረች። በ1992 ከካላማዙ ተመረቀች።

የቀረውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በ2005 ልዩ የፈጠራ ችሎታ ላላቸው ሰዎች የሚሰጠውን የማክአርተርን ሽልማት ተቀበለች። በ2021 ኒውዮርክ ያለው ዊትኒ ሙዚየም የብዙ ዓመት ሥራዎቿን አንድ ላይ ሰብስቦ አሳየ። በ2023 አንድ ሥዕሏ በጨረታ 10.7 ሚሊዮን ዶላር ወጣለት። እኔን የበለጠ ደስ ያሰኘኝ ግን በ2024 የሆነው ነው። 25 ዓመት ያልዘለሉ ወጣቶች ዊትኒን በነፃ እንዲያዩ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከራሷ ሰጠች። ሙዚየም ገብቶ ሥዕል የማየት ዕድል ያጣ ልጅ ሥዕል እንዴት ይወዳል? እኔ ራሴ ብሔራዊ ሙዚየምን ያየሁት ከአገር ልወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ነው።

ተዋናዩ ስቲቨን ዩንም የዚያው ኮሌጅ ልጅ ነው። በ2005 ሳይኮሎጂ አጥንቶ ወጣ፤ በ2021 በመሪ ተዋናይነት ለኦስካር ታጨ። ሌሎች ትንንሽ ኮሌጆችም የየራሳቸው አላቸው። በ1989 በኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው ቶማስ ቼክ አይዋ ካለው ግሪኔል ኮሌጅ ነው የወጣው። በ2020 የተሸለመችው ጄኒፈር ዳውድና ደግሞ ካሊፎርኒያ ካለው ፖሞና። ቼክ በ1999 በጻፈው አንድ ጽሑፍ፣ ከምሩቃኖቻቸው ቁጥር አንጻር ሲታይ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች በሳይንስ ዶክትሬት የሚደርሱ ልጆችን ከሌላው ሁለት እጥፍ ገደማ ያፈራሉ ብሏል።

እኔን የገረመኝ ግን ታዋቂዎቹ አይደሉም። በልጄ መጽሔት ውስጥ ከታወቀው ሰው ዜና ቀጥሎ የአንዱ ትንሽ ከተማ ርዕሰ መምህር ዜና ይመጣል። 30 ዓመት በነርስነት አገልግላ ጡረታ የወጣችም አለች። ልጅ የወለደም አለ። ከ50 ዓመት በፊት ያስተማሩ ሰው ሲያርፉ ደግሞ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በስም እየተጠሩ ትዝታቸውን ይናገራሉ። እዚያ መጽሔት ላይ ለመውጣት መታወቅ አያስፈልግም። አንድ ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ይበቃል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ።

እኛ ምረቃ እናውቅበታለን። ጋዋኑ፣ ቆቡ፣ አበባው፣ ከክፍለ ሀገር በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍራ የመጣች እናት፣ ጋቢ ለብሶ ፀሐይ ላይ የቆመ አባት። ይሄን ደስታ እዚህ አገር አላየሁትም። እዚህ ምረቃው ካለቀ ምሳ ተበልቶ ወደየመኪና ነው። እኛ ጋ አንድ ልጅ ሲመረቅ ሰፈሩ በሙሉ ይመረቃል። ለዚህ ምንም ምትክ የለውም። ማታ በዜና ደግሞ ቁጥሩ ይነገራል፤ ይሄን ያህል ሺህ ተመራቂ፣ ከእነዚህ ውስጥ ይሄን ያህሉ ሴቶች። ከፍተኛ ውጤት ያመጣው ልጅ ሜዳሊያ ሲጠልቅለት ይታያል።

አስተማሪውስ? እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ከኋላ ተቀምጧል። ስሙን የሚጠራ የለም። በማግሥቱ ጋዋኑ ይመለሳል። ልጁም ኮሌጁም አስተማሪውም ተለያዩ ማለት ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ያ ልጅ ወረዳ ጤና ጣቢያ ውስጥ ስንት እናት እንዳዋለደ የተማረበት ቤት አያውቅም። ማንም አልጠየቀውማ።

የራሴን ልንገራችሁ። የተመረቅሁት አገር ቤት ነው፤ የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ ይቅር። እኔም ባዮሎጂ ነው የተማርሁት። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ አንድ ወንዝ ውሃ ነበር። አማካሪዬ ሁለት ቅዳሜ የራሳቸውን የነዳጅ ብር አውጥተው ወንዙ ድረስ ይዘውኝ ሄደዋል። ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃ ውስጥ ገብተው ናሙና ቀድተውልኛል። ጽሑፉ በሦስት ቅጂ ተጠርዞ ገባ። ከዓመታት በኋላ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ እዚያው ተቀጥራ ስትሠራ የሁላችንም ጽሑፍ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ጥግ ተቆልሎ አገኘችው። ዝናብ አርሶታል። ስትነግረኝ ስቄ አለፍሁት። የልጄ መጽሔት የመጣ ሌሊት ግን ያ ከረጢት ፊቴ ላይ ተደቀነ። የተበላሸው የእኔ ጽሑፍ ብቻ አልነበረም። የእሳቸው ሁለት ቅዳሜም አብሮ ነው የራሰው።

«ድሮም እንዲህ ነን» የሚል ሰው አይጠፋም። አልስማማም። እኛም ትንንሽ ኮሌጆች ነበሩን። በ1950 አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሉሲየን ማት በሚባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን የሚመራ፣ በጣት በሚቆጠሩ ተማሪዎች የተጀመረ ቤት ነበር። በኮሌጅ ቀን ተማሪዎች ግጥም ይወዳደሩ ነበር። ከ1964 ጀምሮ ደግሞ፣ ኮሌጁ ወደ ዩኒቨርሲቲ ካደገ በኋላ፣ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ማገልገል ግዴታው ሆነ። አብዛኛው አስተማሪ ሆኖ ነው የወጣው። የካላማዙ ልጆች በሦስተኛ ዓመታቸው ውጭ አገር እንደሚሄዱት፣ የእኛዎቹ የገዛ አገራቸውን ሊያውቁ ይሄዱ ነበር።

ዓለማያንም አስቡ። የእርሻ ኮሌጅ ነበር፤ ከኦክላሆማ ስቴት ጋር ተባብሮ የተቋቋመ። ገቢሳ እጀታ በልጅነቱ በእግሩ ረጅም መንገድ እየሄደ የተማረ የወሎንኮሚ ልጅ ነው። ከዓለማያ በ1973 ተመረቀ። በኋላ አሜሪካ ባለው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ አቀንጭራ የሚባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ አወጣ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኘ። አቀንጭራ ማሳው ላይ የወጣበትን ገበሬ ጠይቁ፤ ይህ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ እሱ ይነግራችኋል። ስለ ገቢሳ ስናወራ ግን ፐርዱን እናነሳለን። ዓለማያ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ያስተማረው ማን እንደነበር ስንቶቻችን ጠይቀናል?

ፍርዴ አንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን ይሄንንም ልበል። የእዚህ አገር ኮሌጅ ይህን ሁሉ ዜና የሚጽፈው ስለሚወደን ብቻ አይደለም። የቀድሞ ተማሪ ገንዘብ እንዲሰጥ፣ አዲስ ተማሪ እንዲመጣም ነው። እንደ ልጄ ኮሌጅ ባሉ የግል ኮሌጆች ሙሉ ዋጋው በዓመት ከ60,000 ዶላር በላይ ነው። እርዳታ ባታገኝ ልጄ በበሩም አታልፍም ነበር። ያም ሆኖ አቅም ያነሳቸው እየተዘጉ ነው። ሚሺጋን ውስጥ ብቻ ሜሪግሮቭ በ2019፣ ፊንላንዲያ በ2023 ተዘግተዋል። አገር ቤት በመንግሥት ወጪ የተማርሁ ሰው ነኝና የመንግሥት ዩኒቨርሲቲን ለማቃለል አፌ አይከፈትም። ብዙ ሺህ የድሃ ልጅ የሚያስተምር ቤት የ1,200 ልጆችን ቤት መምሰል አይችልም። የአማካሪን ስም ከተማሪው ስም ጎን መጻፍ ግን 60,000 ዶላር አይፈጅም። አንድ ቁልፍ ያለው ደረቅ ክፍልና የሚመዘግብ ሰው ይበቃል።

ሲነጋ ለአማካሪዬ ደወልሁ። ስልካቸውን ከጓደኛዬ ነው ያገኘሁት። ጡረታ ወጥተዋል። ማን እንደሆንሁ ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና «የወንዟ ልጅ!» አሉኝ። እንባዬ መጣ።

ስለ ልጄ ነገርኋቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ውጤቷን አልነበረም። «አስተማሪዋ ማን ይባላሉ?» አሉ። ስሙን ነገርኋቸው፤ ጻፉት መሰለኝ፣ ፊደሉን አስደገሙኝ። ቀጥለው «ምንድን ነው ያጠኑት?» አሉኝ። ዜብራ መስል፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከባሕር ማዶ በመርከብ መጥቶ የአሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች ያጥለቀለቀ፣ የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ባለ ዛጎል ፍጥረት ነው አልኋቸው።

«እንዶድ ያውቃሉ?» አሉኝ።

ለልብስ ማጠቢያ የሚሆነው እንዶድ ከዚህ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም። ነገሩኝ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። የበሽታው ተሸካሚዎች እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያ ተነስተው ዕድሜያቸውን ለእንዶድ ሰጡ፤ የምርምር ተቋምም መሠረቱ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በኋላም ኦሃዮ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአክሊሉ ጋር ሆነው፣ ያው የእናቶቻችን እንዶድ ዜብራ መስልን እንደሚገድል አገኙ። ቶሌዶ ከልጄ ኮሌጅ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው።

«ይሄን ነግረውን አያውቁም» አልኋቸው።

«ጊዜ አልነበረማ» አሉ። «ክፍሉ ውስጥ 90 ነበራችሁ።»

ፖስተሩን በዋትሳፕ ላክሁላቸው። በማግሥቱ ጠዋት ስነሳ ሦስት ጥያቄዎች ልከው አገኘሁ፤ ሁለቱ ስለ ናሙና አወሳሰዳቸው፣ አንዱ ስለ እንዶድ። ሁለቱን ልጄ እዚያው ቁርሷን እየበላች መለሰች። ሦስተኛውን ወረቀት ላይ ገልብጣ፣ ከላይ የአማካሪዬን ስም በእንግሊዝኛ ጽፋ፣ አስተማሪዋን ልትጠይቅ ይዛው ወጣች።