ማስተካከያ፦ የጣናን ውሃ ወለል ያለ ፕሪዝም ስለመለካት
«በሮቦቲክ ቶታል ስቴሽን ከባሕር ዳር ዳርቻ ሆኖ የጣናን ውሃ ወለል ያለ ፕሪዝም መለካት ይቻላል» ብለን የጻፍነው ስህተት ነው። ሮቦቲክ ቶታል ስቴሽን ርቀትንና ማዕዘንን በጨረር የሚለካ፣ በሞተር የሚዞር የቅየሳ መሣሪያ ነው፤ ፕሪዝም ደግሞ ጨረሩን ወደ መሣሪያው የሚመልስ፣ በሚለካው ነጥብ ላይ የሚቆም መስታወት ነው። የአምራቾች መመሪያዎች ውሃ ላይ እንዳይነጣጠር ያስጠነቅቃሉ፤ ጨረሩ በጠባብ ማዕዘን ሲያርፍ አብዛኛው ወደ ፊት ይንጸባረቃል እንጂ አይመለስም። መሣሪያው ቁጥር ቢያሳይ እንኳ በዳርቻው ያለ ደንገል ወይም ከጀርባው ያለ ነገር ርቀት ሊሆን ይችላል፤ የስህተት መልእክት ላያወጣ መቻሉ ነው አስቸጋሪው።

ትክክለኛው መንገድ የፕሪዝሙን ዘንግ ጫፍ ከውሃው ወለል ጋር አስተካክሎ፣ የመሣሪያውን የአለካክ ሞድ ወደ ፕሪዝም መልሶ መለካት ነው። ያለ ፕሪዝም ለሚለካ ግንብ ደግሞ የፕሪዝም ኮንስታንቱ (መሣሪያው ለፕሪዝሙ ሲል በርቀቱ ላይ የሚያደርገው ማስተካከያ) −30 ሚሊ ሜትር ላይ ከቀረ ርቀቱ 3 ሴንቲ ሜትር ያጥራል።

በዚያ ዘዴ የተወሰዱ የዳርቻ ነጥቦች ከኮንቱር (የከፍታ መስመር) ሥራው ወጥተው በድጋሚ ይለኩ። በባዛልት ድንጋይ አጥር ላይ የተወሰዱት ግን በውሃው ችግር ምክንያት አይጣሉም።