ሞተሩን አታሙቁልን

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ባሕር ዳር አንድ የመኪና መሸጫ ግቢ ገባሁ። በሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። «ሙከራ 10 ደቂቃ ብቻ። ቀብድ ላላስያዘ ቁልፍ አይሰጥም። ከከተማ መውጣት ክልክል ነው።» ይህ ሁሉ ሚሊዮኖች ለሚጠየቁበት የቅንጦት ናፍጣ አውቶሞቢል ነው። የበለጠ ያናደደኝ ግን ሻጩ በቃሉ የጨመረው ነው። «ወንድምዓለም፣ አታስብ። ስትመጣ ሞተሩን አሙቀን እንጠብቅሃለን። ናፍጣ ሳይሞቅ አይነዳም። ደግሞ ይሄ መኪና ስሙ ይበቃዋል» አለኝ።

አይበቃውም! ስም ከፋብሪካው በር አይወጣም። ከዚያ ወዲህ ያለው የባለቤቱ አያያዝ ነው። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1936 260 ዲ የተባለውን ናፍጣ አውቶሞቢል ሲያወጣ መኪናውን ከወደዱት መካከል ታክሲ ነጂዎች ነበሩ። ታክሲ ነጂ ደግሞ ስም አይገዛም። ቀን ከሌት ይነዳል፤ ስንት ሊትር እንደጠጣ ይቆጥራል፤ ከዚያ ያምናል። የናፍጣ አውቶሞቢል ስም የተሠራው በመነዳት ነው። ታዲያ ዛሬ ያንኑ ስም ጠርቶ «አትንዳው» ማለት ምን ይባላል?

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ናፍጣ ሳይሞቅ አይነዳም» አለን። ቀዝቃዛ ሞተርን አለቅጥ መርገጥ ጥሩ እንዳልሆነ ማንም ሹፌር ያውቃል። ግን ማስነሳትና መርገጥ አንድ ነው እንዴ? ይህን መኪና የገዛ ሰው ነገ ጠዋት ማን ያሙቅለት? ሻጩ በየማለዳው ቤቱ ድረስ እየሄደ ሊያስነሳለት ነው? ገዢው ዕድሜ ልኩን በየቀኑ የሚያደርገውን ነገር ዛሬ አንድ ቀን እንዳያየው መከልከል ለሞተር ማዘን አይደለም። መደበቅ ነው። ሞተር አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ ሁሉ የሚደብቀው ነገር አለው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱም የናፍጣ ሞተር ገመናው የሚወጣው ሲቀዘቅዝ ነው። ቤንዚን ሞተር እሳቱን የሚያገኘው ከካንዴላ ነው። ናፍጣ እንዲህ ያለ እሳት የሚሰጠው የለም። አየሩን ጨምቆ ጨምቆ ያግለዋል፤ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ዘመናዊዎቹ አየሩን ከ15 እስከ 18 እጥፍ ያህል ይጨምቁታል። የሞተሩ ጤና እንግዲህ ይሄ ጭመቃ ነው። የፒስተኑ ፋሻ ካለቀ ወይም ቫልቩ በደንብ ካልከደነ አየሩ ያመልጣል። ያመለጠ አየር አይግልም። ሞተሩ ሲሞቅ ግን ብረቱ ራሱ ትኩስ ስለሆነ ደካማውም ቶሎ ይነሳል። እሳት ሳይሆን ሙቀት እየሰጡ ጠዋት ማስነሳቱን የሚያግዙት ማሞቂያ ካንዴላዎች ከሞቱም ሞተሩ ከሞቀ አታውቅም። ናፍጣውን የሚረጨው ኢንጀክተር የሚያንጠባጥብ ከሆነም ሲሞቅ ድምፁን ያጠፋል። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሞተር ላይ ግን ይህ ሁሉ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ይታያል፣ ይሰማል፣ ይሸታል።

ጭሱን ብቻ ተመልከቱ። ሲነሳ ነጭ ጭስ እየተግተለተለ ከቆየ ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው፣ ወይም ውሃ እየገባ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ሲረገጥ ጥቁር ከሆነ አየር አጥሮታል፣ ወይም ነዳጅ በዝቶበታል። ይህን ለማየት ማሽን አያስፈልግም። ዓይንና ቀዝቃዛ ሞተር ይበቃል። ሻጩ የከለከለኝም ይህንኑ ነው።

የእህቴ ባል ከሦስት ዓመት በፊት የከፈለበትን ዋጋ አልረሳውም። ጀርመን ሠራሽ ናፍጣ አውቶሞቢል ነበር የገዛው። ሞተሩ ሞቆ ጠበቀው። በጣና ዳር አንድ ዙር ነዳው። ድምፁ የለም፣ ወንበሩ ቆዳ፣ መሪው እንደ ቅቤ። በዚያው ቀን ከፈለ። በማግስቱ 12 ሰዓት ላይ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሊያደርስ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ አልነሳም። በአራተኛው ሲነሳ ግቢው በነጭ ጭስ ተሞላ። ልጆቹ እየሳሉ ወደ ቤት ሮጡ። ጎረቤት እሳት የተነሳ መስሎት በሩን አንኳኳ። በዚያ ላይ መኪናው በፊት በግራ በኩል ቁጭ ብሏል። አንዳንድ የቅንጦት አውቶሞቢል በብረት ሞላ ፈንታ የሚቀመጠው በአየር ከረጢት ላይ ነው። ከረጢቱ ከተቀደደ ሌሊቱን ይተነፍስና መኪናው ይዘቀዝቃል። ሞተሩ ሲነሳ ፓምፑ ይሞላዋል፤ አንተ ስትደርስ ቀጥ ብሎ ቆሞ ታገኘዋለህ። አሙቀው የጠበቁት ሞተሩን ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ለሻጩ ሲደውልለት መልሱ አንድ ነበር፦ «ሲሞቅ ሰላም ነው እኮ!»

አንድ የማውቃቸው አዛውንት መካኒክ አሉ። መኪና ሊያዩ ሲሄዱ ቁልፍ አይጠይቁም። መጀመሪያ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋሉ። ሞቅ ካላቸው «ልጄ፣ ነገ እንመለስ» ብለው ይወጣሉ። ድርድር የለም፣ ጭቅጭቅ የለም። የእህቴ ባል እሳቸውን ይዞ ቢሄድ ኖሮ ዛሬ ገንዘቡ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ሻጮቹ እንዲህ የደፈሩበትን ምክንያት አውቀዋለሁ። ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ከተናገሩ ወዲህ እዚህ ያለው ናፍጣ መኪና የመጨረሻው ነው የሚል ወሬ ነገሠ። «አትፈልግም? ሌላ ገዢ አለ» ማለት ልማድ ሆነ። የኤሌክትሪኩ ውሳኔ ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው የሚለው ሌላ ቀን ይቆየን። ግን አዲስ ካልገባ በገበያው የቀረው ሁሉ ያገለገለ ነው። ያገለገለ መኪና ደግሞ ከአዲሱ የበለጠ እንጂ ያነሰ አይመረመርም። እነሱ ገለበጡት።

10 ደቂቃውስ? ከጊዮርጊስ ተነስተህ፣ በዘንባባው መንገድ አልፈህ፣ ለባጃጅ ቅድሚያ ስትሰጥ 10 ደቂቃህ አለቀ። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ብትደርስም 380 ሜትር ሜዳ ነው። ሜዳ ላይ ሁሉም መኪና ጎበዝ ነው። እኔ የምፈልገው የቤዛዊትን ዳገት ነው። ከተማችን ያለችው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠለል አካባቢው ይሳሳል። የጎደለውን የሚያካክሰው አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱርቦ ነው። ቱርቦው ከደከመ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ ዳገቱ መሀል መኪናው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ መስተዋትህ ውስጥ ጥቁር ጭስ ታያለህ። በኋላ የመጡት ደግሞ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው የያዘውን የሚያቃጥለው ጭሱ በጣም ሲግል ስለሆነ ረዘም ያለ ጉዞ ይፈልጋል። ከተማ ውስጥ ብቻ ሲንፏቀቅ የኖረ መኪና ይደፈንበታል። የብልሽት መብራት በማሽን ማጥፋትም ቀላል ነው፤ ብዙው ተመልሶ የሚበራው ግን ሲነዳ ነው። 10 ደቂቃ ለዚህ ሁሉ አይበቃም። ለዚህም ይመስለኛል 10 ደቂቃ ያደረጉት።

መኪና ይዞ የሚሰወር ሌባ አለ ይሉኛል። አለ። ስለዚህ መታወቂያዬን ያዙ፣ መንጃ ፈቃዴን ያዙ፣ ከጎኔም ተቀመጡ። ዘንድሮ ከከተማ ርቆ መሄድ እንደማይመችም አልክድም፤ ቤዛዊት ግን ሩቅ አይደለም። ነዳጅ ይባክናል ለሚሉትም፣ የናፍጣውን ሰልፍ እኔም ቆሜበታለሁ። ለሙከራ የሚሄደው ሁለት ሊትር እንኳ አይሞላም። ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ። ቀብድ ግን አልከፍልም። ያላየሁትን ነገር ለማየት በምን ሒሳብ ነው ቀብድ የማስይዘው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል። ገዢም ዕቃውን እንዲመረምር ይፈልጋል። እስቲ ንገሩኝ፣ ሞቆ የጠበቀን ሞተር በ10 ደቂቃ ምን ብዬ ልመርምር? የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ለሥጋ ቤትና ለዳቦ ቤት ሚዛን ይቆጣጠራል። አንድ ኪሎ ሥጋ በትክክል እንዲመዘንልኝ የሚጨነቅ ቢሮ የዕድሜ ልክ ጥሪቴን ለምከፍልበት መኪና ዝም ማለት የለበትም። በየመሸጫው በር ላይ አንድ መስመር ይለጠፍ፦ ገዢ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሞተር ራሱ አስነስቶ የመሞከር መብት አለው። ምንም ወጪ የለውም። ንጹሕ ዕቃ ያለው ሻጭም አይጎዳበትም።

ያንን መኪና ትቼው ወጣሁ። ሻጩ «ትጸጸታለህ» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሌላ ለማየት ቀጠሮ አለኝ፤ ባለቤቱ መምህር ናቸው። ስልክ ደውዬ «ጋሼ፣ እባክዎ እስክመጣ አያስነሱት» ስላቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ቁልፉ አንተ እስክትመጣ ከኪሴ አይወጣም» አሉኝ። መካኒኩንም ይዣቸው እሄዳለሁ።