ፊልሙን ሳያዩ ለሚመርጡ ለተከበሩ መራጭ

ቁጥር፦ የለውም
ቀን፦ የገና ማግስት፣ ዶሮ ወጡ ሳያልቅ
ለ፦ ፊልሙን ሳያዩ ድምፅ ለሚሰጡ ለተከበሩ መራጭ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከመምረጥዎ በፊት እንዲያዩ ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ትናንት ማታ ካደረሱብኝ ጉዳት በቀር ደህና ነኝ።

እርስዎ እያልኩ መቀጠል ነበረብኝ። የቢሮ ደብዳቤ ወግ ነው። ግን የቆሎውን ሳህን ጭንህ ላይ አስቀምጠህ ብቻህን የጨረስክ ሰው ነህና አንተ ልበልህ። ደግሞም የሚስቴ ወንድም ነህ። የሚስቴ ወንድም ባትሆን ኖሮ ይህ ጉዳይ በደብዳቤ አያልቅም ነበር።

በየዓመቱ ገና ማታ፣ ከቡና በኋላ፣ እኛ ቤት ምን እንደምናደርግ ታውቃለህ። አንድ ያለፈ ዓመት ይመረጥና የዚያ ዓመት ምርጥ ፊልሞች በድምፅ ይለያሉ። የደብተር ወረቀት ለአራት ተቀዶ ይታደላል። እያንዳንዱ ሰው አምስት ፊልም ይጽፋል። አንደኛው አምስት ነጥብ፣ ሁለተኛው አራት እያለ ይወርዳል። ወረቀቱ ተጠቅልሎ የእናቴ ሙዳይ ውስጥ ይገባል። የምትቆጥረው ባለቤቴ ናት። ማለትም እህትህ። ታዛቢ የለም። ይህን ለታሪክ ያህል ነው የማነሳው።

ዘንድሮ ተራው የ1994 ነበር። በፈረንጆቹ።

እንዲህ ያለ ዓመት ዳግም አይመጣም። ፎረስት ጋምፕ፣ ፐልፕ ፊክሽን፣ ላየን ኪንግ፣ ስፒድ፣ ሾሻንክ ሪደምፕሽን፤ ሁሉም በአንድ ዓመት። ፐልፕ ፊክሽን በግንቦት ካን ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ፎረስት ጋምፕ ስድስት ኦስካር ጠራርጎ ሄደ። ሾሻንክ በሰባት ዘርፍ ታጭቶ ባዶ እጁን ቤቱ ገባ። እነዚህን ደርድሮ አንደኛና ሁለተኛ ማለት ቀላል አይደለም። የአባቴ ቤት ክፍፍል እንኳ እንዲህ አላጨቃጨቀንም።

ላንተ ግን ቀላል ነበር። ሁላችንም እስክሪብቶ እየነከስን ኮርኒስ ኮርኒሱን ስናይ፣ አንተ በግማሽ ደቂቃ ጨርሰህ ወረቀትህን ጠቀለልክ። ፈተና ክፍል ውስጥ ቀድሞ የሚወጣ ተማሪ ሁለት ዓይነት ነው። አንተ ሁለተኛው ነህ።

ወረቀትህ ሲነበብ አንደኛ ያደረግከው ፐልፕ ፊክሽንን ሆኖ ተገኘ። ቅን ነኝና ደስ አለኝ። "የቱ ቦታ ነው የተመቸህ?" አልኩህ።

"ሁሉም ቦታ አሪፍ ነው" አልክ።

"መጨረሻውስ?"

ድምፅህን ዝቅ አደረግክ። በዓይንህ የእህቴን ልጅ አሳየኸኝ። "መጨረሻውን አልናገርም፤ ያላየ ሰው አለ፣ አላበላሽበትም" አልክ።

ያላየው ሰውማ አንተ ነህ! ያን ፊልም ያየ ሰው "የትኛው መጨረሻ?" ብሎ ነበር የሚመልሰው። ታሪኩ ፊትና ኋላው ተዘበራርቆ ነው የቀረበው። መሃል ላይ የሞተው ሰውዬ መጨረሻ ላይ ቁርስ ቤት ቁጭ ብሎ ያወራል። (ይቅርታ፣ አበላሸሁብህ።) አንተ ያየኸው ፖስተሩን ነው። እሱንም ጸጉር ቤት ግድግዳ ላይ፣ ተራህን ስትጠብቅ።

ሁለተኛ ላይ የቀለበቱን ጌታ ጻፍክ። "ይሄ እኮ በ2001 የወጣ ነው" ብለን ስንጮህብህ፣ ቆሎህን እያላመጥክ "በኛ ታኅሣሥ 1994 ነው" አልክ። ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቴ በጣቷ ቆጠረች። ልክ ነህ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1994። ሌሊቱን ሙሉ ካንደበትህ የወጣው እውነት ይሄ ብቻ ነው፣ እሱም ለክፋት ዋለ። የዘመን አቆጣጠሩ በርግጥ እኔንም አንዳንዴ ያደናብረኛል። ቴዛ የተባለው የኛው ፊልም ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ ሲሸለም ቀኑ ጳጉሜ 1፣ 2000 ነበር። አዲስ ዓመት ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው። ታዲያ የ2000 ፊልም እንበለው፣ የ2001፣ ወይስ በፈረንጆቹ የ2008? በዚህ ላይ ብንከራከር አምሽቼ ቡና አፈላልህ ነበር። አንተ ግን የተከራከርከው ስለ ፊልም ሳይሆን ለማምለጥ ነው።

ሦስተኛ ላይ "አርኖልድ" ብለህ ጽፈሃል። አርኖልድ የፊልም ስም አይደለም። እህትህ "ትሩ ላይስ ማለቱ ነው" ብላ ሦስት ነጥብ ቆጠረችልህ። ታዛቢ የለም ብያለሁ።

ብቻህን አጥፍተሃል ማለቴ ግን አይደለም። ባለሙያዎቹም ካንተ ብዙም አይርቁም። የኦስካር ሽልማት መሰጠት የጀመረው በ1929 ነው (ከዚህ ወዲያ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። የሚመርጡት የፊልም ሰዎች ናቸው። እንጀራቸው ነው። ታዲያ ሽልማቱን የሚሰጠው አካዳሚ "በአንድ ዘርፍ የታጩትን ፊልሞች በሙሉ ያላየ ሰው በዚያ ዘርፍ የመጨረሻ ድምፅ አይሰጥም" የሚለውን ሕግ ለሁሉም ዘርፍ ያወጣው መቼ ይመስልሃል? በ2025! እስከዚያ በብዙው ዘርፍ ነገሩ ለመራጩ ሕሊና የተተወ ነበር። የሰው ሕሊና ደግሞ ሦስት ሰዓት ከሩብ የሚረዝም ፊልም ሲመጣበት እንዴት እንደሚያዛጋ አንተ ታውቃለህ። አሁን ከአካዳሚው የኢንተርኔት ማሳያ ሌላ ቦታ ያየ መራጭ የት እንዳየ፣ መቼ እንዳየ ቅጽ ይሞላል። የጎደለው ሁለት ምስክርና ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው።

ሕዝቡ ራሱ ይምረጥ ሲባልም አይተናል። በ2022 አካዳሚው "ያለፈውን ዓመት ተወዳጅ ፊልም እናንተ ምረጡ" ብሎ ለአድናቂዎች በትዊተር በሩን ከፈተ። አንድ ሰው በቀን እስከ 20 ጊዜ መምረጥ ይችላል ተባለ። ሃያ ጊዜ! እንኳን ያኔ አልሰማህ። አሸናፊ ሆኖ የወጣው አርሚ ኦፍ ዘ ዴድ የሚባል የዞምቢ ፊልም ነው። የሙታን ሠራዊት ማለት ነው፤ አቆጣጠሩን ላየ ሰው ሠራዊቱም ድምፅ የሰጠ ይመስላል። ሲንደሬላ ሁለተኛ ወጣች። ያን ዓመት ሲኒማ ቤቱን ሁሉ ያጨናነቀው ስፓይደርማን አምስተኛ። በዋናው ሽልማት የዓመቱ ምርጥ የተባለው ኮዳ ከአምስቱ ውስጥ የለበትም። ደግነቱ በዚያው ምሽት መድረክ ላይ የተዋናዩ የዊል ስሚዝ ጥፊ ጮኸና ስለ ዞምቢው የሚያወራ ጠፋ።

እነዚህ እንኳ ሲወዱ ነው። ሳያዩ መጥላትም አለ። ዘ ፕሮሚስ የሚባል፣ የአርመናውያንን እልቂት የሚያነሳ ፊልም በ2016 ቶሮንቶ ፌስቲቫል ላይ ጥቂት ጊዜ ታየ። ሲኒማ ቤት ገና አልገባም። ተመልካች ለፊልም ነጥብ የሚሰጥበት አይኤምዲቢ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ግን ከ80 ሺህ በላይ ነጥብ ተሰጠው። አብዛኛው ከአሥር አንድ ነው። የቀረው አሥር ከአሥር። ሰባት የሰጠ፣ "መሃሉ ጥሩ ነበር፣ ሙዚቃው በዛብኝ" ያለ ሰው በመብራት ነው የሚፈለገው። ያ የፊልም ምርጫ ሳይሆን ሰልፍ ነው። ከእነሱ ጋር ሳወዳድርህ አንተ የዋህ ነህ። አንተ ማንንም አትጠላም። አታይም ብቻ።

አይቶ መምረጥ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። ድፍረት የተባለው የኛው ፊልም በ2014 ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት ወሰደ። ቀጥሎ በርሊን ላይ በፓኖራማ ዘርፍ ያንኑ ደገመው። ያኔ ሰንዳንስ ላይ ሰው ፊልሙን አይቶ ሲወጣ፣ እዚያው በሩ ላይ የድምፅ ወረቀቱን ይሰጥ ነበር። ፈንዲሻው ገና ጥርሱ ውስጥ ነው። ካላየህ በየት በኩል ትወጣለህ? ያው ፊልም በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሰው ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ምክንያት ሳይታይ ቀረ። ያን ማታ ማንም አላየውም። አንተ ግን በማግስቱ ጠዋት ማኪያቶህን እያማሰልክ "ጥሩ ነው፣ ግን መሃሉ ላይ ይንዛዛል" አልከኝ። ቃል በቃል። ማንኪያው እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም፤ ልናገረው።

ሾሻንክን መጀመሪያ ያየሁት ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። አግዳሚ ወንበር፣ በብርድ ልብስ የተከደነ መስኮት፣ ከኋላ የሚያስሉ ሰዎች። አክተሩ ሚስትህን ገደልክ ተብሎ ታሰረ። ደበደቡት። መብራት ሄደ። ባለ ቤቱ "ይመጣል፣ ጠብቁ" አለን። ጠበቅን። አልመጣም። ሃምሳ ሳንቲሙም አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ "ሾሻንክ ጨለማ ፊልም ነው፣ አክተሩ እዚያው በስብሶ ይቀራል" እያልኩ ለሰው አስረዳሁ። በልበ ሙሉነት። አንድ ጓደኛዬ ካሴቱን ሊከራይ እጁን ዘርግቶ ሳለ በኔ ምክር መለሰው። በኋላ ራሴ ተከራይቼ እስከ መጨረሻው ሳየው ፊቴን በሹራቤ እየጠረግኩ ያሰብኩት እሱን ነው። ያኔ ዱባይ ሄዶ ነበር።

ፊልሙ ራሱ የተነሳው እንዲሁ ቀስ ብሎ ነው። 25 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በመጀመሪያ ዙር ሲኒማ ቤት ያገኘው ወደ 16 ሚሊዮን ብቻ ነው። ሰው የደረሰበት በኋላ ነው፣ በካሴትና በቴሌቪዥን። ከዚያ በ2008 ዳርክ ናይት ወጣና ደጋፊዎቹ አይኤምዲቢ ላይ ጎድፋዘርን ከአንደኝነት ገፍትረው አወረዱት። የጎድፋዘር ወገኖች ዝም አላሉም። ሁለቱ ሲጎሻሸሙ ሾሻንክ ቀስ ብሎ አንደኛ ላይ ወጣ። ታክሲ ውስጥ ሁለት ሰው የጋቢና ወንበር ሲጣላ ሦስተኛው ገብቶ በሩን እንደሚዘጋው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያወረደው የለም።

እኛ ቤት ብቻ ወረደ። ትናንት ማታ። በአንድ ነጥብ።

ፐልፕ ፊክሽን 23፣ ሾሻንክ 22። ካንተ ከጸጉር ቤቱ አምስት ነጥብ ጋር። ሾሻንክ ወረቀትህ ላይ ጭራሽ የለም፤ አርኖልድ ግን አለ። ቆጠራው ይደገም አልኩ፣ እህትህ "ሙዳዩን ስጠኝ፣ ልጆቹ ይተኙ" አለች። ደግሞ ማታ መብራት ካጠፋን በኋላ "ወንድሜ ለሾሻንክ ሰጥቶ ቢሆን ትናደድ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ከተያዘው ጉዳይ ጋር ግንኙነት የለውም።

ለሚመጣው ገና የተመረጠው ዓመት 1999 ነው። በፈረንጆቹ! ማትሪክስ አለበት። ፋይት ክለብ አለበት። ሲክዝ ሴንስ አለበት፤ የሱን መጨረሻ አልናገርም፣ ያላየ ሰው አለ። አሥራ ሁለት ወር አለህ። በወር አንድ ፊልም አይከብድም፤ ለኳስ በሳምንት ሦስት ጊዜ ታመሻለህ። ፍላሽ ላይ አሥራ ሁለቱንም ጭኜልሃለሁ። ፎርማት አድርገህ መዝሙርና የሠርግ ቪዲዮ እንዳትገለብጥበት። አይተህ ስታበቃ ለፈለግከው ስጥ። እንቅልፍ ከወሰደህም "እዚህ ጋ ተኛሁ" በልና ከዚያው ቀጥል፤ አላፍርብህም።

ቅጽም አዘጋጅቻለሁ። የት አየኸው፣ መቼ አየኸው፣ መብራት ነበር ወይ።

ከሰላምታ ጋር
የእህትህ ባል

አባሪ፦ አንድ ፍላሽ፣ አሥራ ሁለት ገጽ ቅጽ

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ (ሙዳዩ ለዳግም ቆጠራ እንዲመለስ)
ለእህቴ ልጅ (ስለ ሞተው ሰውዬ ይቅርታ)
ዱባይ ላለው ጓደኛዬ (አይበሰብስም፤ እስከ መጨረሻው እየው)