«ዳርህን ያዝ» እየተባለ የሚነዳ ብስክሌት

በአዲስ አበባ ዳርቻ ካለው ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቂሊንጦ ድረስ በብስክሌት ወደ ሥራ መመላለስ ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በእነዚህ ዓመታት ከሾፌርም፣ ከረዳትም፣ መንገድ ዳር ቆሞ ታክሲ ከሚጠብቅ ሰውም አብዝቼ የሰማሁት ቃል «ዳርህን ያዝ!» የሚለው ነው። አንዳንዱ በቁጣ ይለዋል፤ አንዳንዷ እናት ደግሞ «ልጄ፣ ዳር ዳሩን፣ አደራ» ትለኛለች። የቁጣውም የርኅራኄውም ቃል መነሻ ግን አንድ ነው፤ መንገዱ የመኪና ነው፣ ከአደጋ የመዳን ጣጣውም የብስክሌተኛው ነው የሚል። እኔ በበኩሌ ምክሩ ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ፣ ሸክሙም ያለ ቦታው የተጫነ ነው ባይ ነኝ።

ከዳሩ እንጀምር። በእኛ ሰፈር የአስፋልት ዳር ማለት ከገልባጭ መኪና የተራገፈ ጠጠር፣ ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የቆመ መኪናና ተሳፋሪ የሚያወርድ ሚኒባስ ማለት ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሚኒባስ ቀደመኝና ከውስጥ «ወራጅ አለ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ሾፌሩ ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ቀኝ ገብቶ ፊቴ ላይ ቆመ። ረዳቱ በሩን ወደ ኋላ ሲገፋው ዘንቢል የያዙ አንዲት እናት እግራቸውን አወረዱ፤ እኔም እርሳቸውን ላለመግጨት ፍሬኑን ስይዝ ጎማው በእርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራቶ ወደቅሁ። ጉልበቴ ተላጠ፤ የሴትዮዋም ሽንኩርት በጭቃው ላይ ተበተነ። ሽንኩርቱን አብረን ስንለቅም ረዳቱ ከበሩ ላይ ሆኖ ያለኝ «ዳርህን አትይዝም እንዴ?» ነበር። እኔን የጣለኝ ግን ዳሬን መያዜ ነው። በእንግሊዝ አገር ያለው የመንገድ ደንብ ብስክሌተኛ ከመንገዱ ጠርዝ ቢያንስ ግማሽ ሜትር፣ ከቆሙ መኪኖች ደግሞ አንድ ሜትር ያህል ርቆ እንዲነዳ የሚመክረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገባ ብሎ የሚነዳ ሰው ለሾፌሩ ይታያል፣ ጉድጓድ ቢያጋጥመውም የሚሸሽበት ቦታ አለው።

ከዚህ የባሰው ምክር «ከመኪናው በተቃራኒ ንዳ፣ የሚመጣውን ታያለህ» የሚለው ነው። ምንጩ ይገባኛል፤ ሁላችንም በልጅነታችን እግረኛ ግራውን ይዞ እንዲሄድ ተምረናል፣ ለእግረኛም ትክክል ነው። ብስክሌት ግን በሕጋችንም ቢሆን ተሽከርካሪ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ብስክሌተኛ በ50 ከሚመጣ መኪና ጋር በተቃራኒ አቅጣጫ ሲገናኝ የሚቀራረቡት በ70 ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ቢሄዱ ግን መኪናው የሚደርስበት በ30 ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከውስጥ ለውስጥ መንገድ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሾፌር የሚያየው መኪና ወደሚመጣበት ወደ ግራው ነው። በቀኙ በኩል በተቃራኒ የሚመጣውን ብስክሌት የሚያየው ከገጨው በኋላ ነው።

ስለ ሄልሜት ብዙ አልልም፤ እኔ አደርጋለሁ፣ ሌላውም ቢያደርግ ደስ ይለኛል። ሆኖም የብስክሌት ሄልሜት የሚፈተሸው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት በሚደርስ ምት ነው። ለመውደቅ ይጠቅማል፤ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክን ግን አይመልስም። ሕዝባችን ኢሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው አደጋው ከወዴት እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው፤ ምክር ለመስጠት ሲነሳ ግን ይህን ዕውቀቱን ትቶ ወደ ብስክሌተኛው ይዞራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚንሸራተተው ርቀት በ30 ከሚሄደው አራት እጥፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ሰው የሚሞትበት አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ እንደሚጨምር ይገልጻል። በኮንዶሚኒየሙ በር በኩል የሚያልፉ ከባድ መኪኖች ፍጥነታቸውን ቢቀንሱ ከብስክሌተኛው ይልቅ የሚጠቀሙት ማለዳ አስፋልቱን የሚሻገሩት ተማሪዎች ናቸው።

የፍትሕ ነገር ሲነሳ ደግሞ «እናንተ ለመንገዱ ምን ትከፍላላችሁ?» የሚሉ አይጠፉም። ጥያቄው መልስ ይገባዋል። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ለጥገና የሚያውለውን ገንዘብ በዋናነት የሚያገኘው ከነዳጅ ላይ ከሚሰበሰብ ክፍያ ነው፤ ብስክሌተኛ ደግሞ ነዳጅ አይቀዳም። በነገራችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪናም አይቀዳም፤ ባለቤቱን «መንገዱ ያንተ አይደለም» ያለው ሰው ግን አልገጠመኝም። ለማንኛውም፣ ጥገና የሚያስፈልገው መንገዱ ስለሚጎዳ ነው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 የተካሄደው ሰፊ የመንገድ ሙከራ ያስገኘው፣ መሐንዲሶችም እስከ ዛሬ እንደ ግምት የሚጠቀሙበት ስሌት አንድ አክስል (ጎማዎች የሚያያዙበት ዘንግ) በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በክብደቱ አራተኛ ርቢ ልክ እንደሚጨምር፣ ማለትም ክብደቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ እንደሚሆን ያሳያል። ነጂው ያለበት ብስክሌት በእያንዳንዱ ጎማው 50 ኪሎ ግራም ያህል ቢያሳርፍ፣ የከባድ መኪና አንድ አክስል ደግሞ 10 ቶን ቢጫነው፣ የክብደታቸው ልዩነት 200 እጥፍ ሲሆን በስሌቱ መሠረት የጉዳታቸው ልዩነት ከ1 ቢሊዮን እጥፍ በላይ ይሆናል። አስፋልታችንን ያጎደጎደው ሳይክል አይደለም።

ይህን ስል ብስክሌተኛው ጥፋት የለበትም ማለቴ አይደለም። ዳገት ላይ የጭነት መኪና ኋላ ይዘው የሚጎተቱ ልጆችን በየቀኑ አያለሁ፤ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። መብራት ሳይኖራቸው በጨለማ የሚነዱ፣ ሁለት ጆሯቸውን በማዳመጫ የደፈኑ፣ ቀይ መብራት እነሱን የማይመለከት የሚመስላቸውም ብዙ ናቸው። ነገር ግን ሚኒባስ ቀይ መብራት ሲጥስ «ሹፌሩ ጥፋተኛ ነው» ይባላል፤ ብስክሌተኛ ሲጥስ «ብስክሌተኞች እንዲህ ናቸው» ይባላል።

ከተማው ምንም አልሠራም ብል ደግሞ እዋሻለሁ። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» መኪና የማይነዳባቸው ቀኖች ነበሩ፤ በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አወጣ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከቦሌ መገናኛ የብስክሌት መስመር ተዘርግቷል። ጥሩ መስመር ነው፤ እሑድ እሑድ ሄጄ ነድቼበታለሁ። «ማንም አይነዳበትም፣ መንገዳችንን በከንቱ አጠበበው» የሚለውን ቅሬታም ሰምቻለሁ። ታዲያ መስመሩ የተጀመረው ታክሲና አውቶቡስ በአንጻሩ ከሚገኝበት ከመሃል ከተማ ነው፤ ማለዳ በታክሲ ሰልፍ ጊዜውን የሚያጠፋውና ሥራ ቦታው ግማሽ ሰዓት ፔዳል ቢመታ የሚደርስበት ሠራተኛ ያለው ግን እዚህ ዳር ነው። «አዲስ አበባ ዳገት ናት» የሚለውም ምክንያት ለእንጦጦ ይሠራ ይሆናል፤ ከኮዬ እስከ ቂሊንጦና ከዚያም ወደ ቱሉ ዲምቱ ያለውን ሜዳ የነዳ ሰው ግን አይለውም።

ጎረቤቴ በዚያው አካባቢ ዩኒቨርሲቲ ለምትማር ልጃቸው ባለፈው ዓመት ብስክሌት ገዝተውላታል። ልጅቷ ጎበዝ ነጂ ናት፤ እናቷ ግን ከግቢው በር እንድትወጣ አይፈቅዱላትም። ማለዳ ስወጣ ልጅቷን በታክሲው ሰልፍ ላይ አገኛታለሁ፤ ብስክሌቷ ደረጃው ሥር በሰንሰለት እንደታሰረ ነው።