የጣት ፍጥነትና የዜማ ጣዕም

ስለ ጊታር ተጫዋቾች ባነበብኩት ጽሑፍ፣ ጸሐፊው የጊታር ተጫዋችን ታላቅነት በጣቶቹ ፍጥነት መመዘናቸው አላሳመነኝም። የድሬዳዋው ተወላጅ ድምፃዊ ዓሊ ቢራ ዑድም ጊታርም ይጫወት ነበር፤ ሆኖም እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ሰርግ ላይ ዘፈኑ ሲከፈት አዛውንቱም ወጣቱም ከወንበሩ የሚነሣው በየትኛው ክር ላይ ምን እንደተሠራ ስላወቀ ሳይሆን ዜማው ስለያዘው ነው። በእርግጥ ከባህላዊ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ በሆነው በአንቺሆዬ ውስጥ ያሉትን ጠባብ የድምፅ ርቀቶች በጊታር አጥርቶ ማውጣት ብዙ ልምምድ የሚጠይቅ ሙያ በመሆኑ አድናቆት ይገባዋል። የሚያሳዝነኝ፣ አንዳንድ ወጣት ጊታሪስቶች ድምፃዊው ትንፋሽ በሚወስድባት በእያንዳንዷ ክፍተት ኖታ ሲያዥጎደጉዱ፣ ዓይኔ እጃቸው ላይ ተተክሎ ግጥሙም ዜማውም የሚያመልጠኝ መሆኑ ነው። ጸሐፊው በቀጣይ፣ ከድምፃዊው ኋላ ቆመው ዘፈኑን ስለሚሸከሙት አጃቢ ጊታሪስቶች ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።