ሠራተኛ አልጠፋም፣ የጠፋው ደመወዝ ነው

ሰሞኑን በሬዲዮ የአንድ ልብስ ፋብሪካ የሰው ኃይል ኃላፊ ሲናገሩ ሰማሁ። ፋብሪካው ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ነው። ክፉው ጊዜ አልፏል፣ ትዕዛዝ እየመጣ ነው፣ ቆመው የነበሩ ማሽኖች ሥራ ጀምረዋል አሉ። እሰየው ብዬ ድምፁን ከፍ አደረግሁ። ከዚያ ዋናዋ መጣች። አሁን የቸገረን ሥራ ሳይሆን ሠራተኛ ነው አሉ። ለምን ሲባሉ ደግሞ፣ ልጆቹ የሥራ ባህል የላቸውም፣ በሆነ ባልሆነው ጥለው ይሄዳሉ ብለው መለሱ። ጋዜጠኛው «ትልቅ ችግር ነው» አለና ወደ ማስታወቂያ አለፈ።

ትልቅ ችግር ነው! ስንት ነው የምትከፍሏቸው ብሎ መጠየቅ አፉን ያቆስለው ነበር?

በዚህች «የሥራ ባህል» በምትባል ነገር እንጀምር። ፓርኩ ከተከፈተ ጀምሮ ትዞራለች። ደክሟት አታውቅም። ኃላፊው የሚያወሩላቸው ልጆች አብዛኞቹ ከሲዳማ ገጠር የመጡ ናቸው። ከይርጋ ዓለም፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከለኩ አካባቢ። እኚህ ሰውዬ እንሰት ሲፋቅ አይተው ያውቃሉ? ጣውላው ዘመም ብሎ ይቆማል፣ ሴትዮዋ መሬት ተቀምጣ በእግሯ ደግፋ ይዛ፣ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። ቀኑን ሙሉ። እሱ ሲያልቅ ውሃ አለ፣ እንጨት አለ፣ ገበያ አለ። ይህን እያየችና እያገዘች ያደገች ልጅ ናት እንግዲህ ሥራ የማታውቀው። እንዲህ የሚለው ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ኤሲ እየነፋለት ነው።

ልጆቹ ይለቃሉ፣ ይህ እውነት ነው። ማንም አልካደም። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት በ2011 ዓ.ም. ስለዚሁ ፓርክ ባወጣው ሪፖርት፣ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይቀይሩ እንደነበር ጽፏል። ጉዱ ያለው ግን እዚያው ሪፖርት ውስጥ ነው። የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር። ባንግላዴሽ ያን ጊዜ 95 ዶላር ትከፍል ነበር። ባንግላዴሽ! ዓለም ሁሉ በርካሽ ጉልበቷ የሚያውቃት አገር።

ከዚያ በፊትም የተጠና ነገር አለ። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ሥራ ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ለዩ። ዕጣ የወጣላቸው ገቡ። ሌሎቹ በየፊናቸው ሄዱ። ከገቡት ውስጥ ከሦስት አራተኛው በላይ ዓመት ሳይሞላ ለቀቁ። ሰነፎች ስለሆኑ ነው? ሥራው ከጉሊቱና ከቀን ሥራው የተሻለ አይከፍልም፣ ጤናንም ይጎዳል። ሰው አስልቶ ወጣ። ባለሀብት አስልቶ ሲወጣ «የገበያ ውሳኔ» ይባላል። የገጠር ልጅ አስልታ ስትወጣ ግን የሥራ ባህል የላትም።

አሁን ወደ «ክፉው ጊዜ አልፏል» ልምጣ። እኔን ያበሸቀኝ ከሁሉም በላይ ይህ ነው።

አክስቴ ሐዋሳ ውስጥ ግቢዋ ሦስት ሰርቪስ ቤት አላት። ፓርኩ በ2008 ሐምሌ ሲመረቅ የሠራቻቸው ናቸው። 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ስለነበር መላው ከተማ ብሎኬት ይደረድር ነበር። በየክፍሉ አራት አራት ልጆች ይኖሩ ነበር። ሁለት ፍራሽ፣ አንድ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ የተመታ ምስማርና ልብስ። ጠዋት በሰርቪስ ይወጣሉ፣ ማታ እግራቸው አብጦ ይመለሳሉ። በ2012 ኮሮና መጣ። ትዕዛዝ ተሰረዘ፣ አንዳንዱ ፋብሪካ ማስክ መስፋት ጀመረ። ብዙ ልጆችም ወደ ገጠር ተመለሱ። ያንን እንደምንም ተሻገሩት። በ2014 ደግሞ ጦርነቱ፣ አጎዋው፣ ያ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል። ታኅሣሥ 23 ቀን አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። የቶሚ ሂልፊገርና የካልቪን ክላይን ባለቤት የሆነው ፒቪኤች፣ ያ ሁላችንም ስሙን እየጠራን የፎከርንበት፣ ቀኑን እንኳ አልጠበቀም፤ ኅዳር ላይ ፋብሪካውን እዘጋለሁ ብሎ ጨርሷል።

ውሳኔው የተወሰነው ዋሽንግተን ነው። የተከፈለው ግን ሐዋሳ ላይ ነው፣ ያውም በጥቂት ሰፈሮች። ይህንን በአገር አቀፍ ቁጥር ብትፈልጉት አታገኙትም። ፓርኩ በር ላይ ጀበና የዘረጋችው ሴት፣ የማታ ፈረቃ የሚጠብቀው ባለባጃጅ፣ ሳሙናና ፓስታ በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ አብረው ወደቁ። የአክስቴ ሰርቪሶች ሁለቱ ባዶ ሆኑ። እንደዚያ ያለ ከተማ በአንድ ዘርፍና በአንድ ገበያ ላይ ሲንጠለጠል፣ ገመዱን የያዘው ሰው ማስነጠሱ ይበቃል።

ዛሬ ክፍሎቹ ሞልተዋል። ታዲያ ገበያው አገግሞ የለ? አክስቴን ጠየቅኋት። «ልጄ፣ እነዚያ ልጆች እኮ አንዳቸውም አልተመለሱም» አለችኝ። «እነዚህ ሌሎች ናቸው። እነዚያ አንዷ ቤሩት ናት፣ ሁለቱ ሳዑዲ፣ አንዷ አግብታ ለኩ ነው ያለችው። የሌሎቹን እንጃ።»

እንግዲህ በሪፖርት ላይ «የሥራ ገበያው አገገመ» ሲባል የሚሆነው ይህ ነው። ወንበሩ ተመለሰ። የተቀመጠችበት ልጅ አልተመለሰችም። ሦስት ዓመት ሰፍታ ኮሌታ ዓይኗን ጨፍና የምትገጥም ልጅ ነበረች። ሙያዋን ይዛ ሄዳ ዛሬ የሰው ቤት ወለል ትወለውላለች። በእሷ ቦታ የመጣችው 18 ዓመቷ ነው፣ ከሀ ትጀምራለች፣ ደመወዙም ከመነሻው ይጀምራል። እያንዳንዱ ውድቀት ደመወዙን ወደ ዜሮ እየመለሰ ያስጀምረዋል። ለፋብሪካው ይህ በአጭሩ ሲታይ አይከፋም። በረጅሙ ሲታይ ግን ሠልጥና የወጣችውን መልሶ የማይጠራ ፋብሪካ «የሠለጠነ ሰው አጣን» ብሎ ማልቀስ አይችልም።

ቆጠራውም አለላችሁ። አንድ ማሽን ላይ በዓመት ሦስት ልጆች ተፈራርቀው ቢቀመጡ፣ በሪፖርቱ ሦስት የሥራ ዕድል ተፈጠረ ማለት ነው። በወንፊት ውሃ ይቀዳል፣ የቀዳው ሰው ይሸለማል። «ይህን ያህል ሺህ የሥራ ዕድል» በተባለ ቁጥር ስንቱ ለቀቀ ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ ካያችሁ አሳዩኝ።

አሁን ደግሞ ማገገሙ ከየት እንደመጣ እንመልከት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ተለቀቀ፣ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፣ ዓመት ሳይሞላ ከ130 አለፈ። ወደ ውጭ ለሚልክ ፋብሪካ ይህ ሎተሪ ነው። በዶላር ይሸጣል፣ በብር ይከፍላል። ትናንት 100 ዶላር አምጥቶ 5,700 ብር ያገኝ የነበረ ሰው ዛሬ ከ13 ሺህ በላይ ያገኛል። የልጅቷ ደመወዝ በዚያው ልክ አድጓል? ካላደገ ፋብሪካው ያገገመው በእሷ ኪስ ነው።

ጨርቁም ክሩም ቁልፉም በዶላር ነው የሚገባው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እሱ ግን ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ጨርቁ በዶላር ከሆነ፣ ክሩ በዶላር ከሆነ፣ በብር ከሚከፈለው ውስጥ የቀረው ዋናው ነገር የልጅቷ ጉልበት ነው። ከሁሉም የረከሰው እሱ ነው ማለት ነው። ክር ሻጩ በብር ልክፈልህ ቢባል ይስቃል። ልጅቷ መሳቅ አትችልም።

ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንሥራው። በ2011 ያቺ 26 ዶላር 750 ብር ገደማ ነበረች። ያችኑ 26 ዶላር ለመክፈል፣ ያችኑ የዓለም መሳቂያ ያደረገችንን ደመወዝ፣ በ130 ምንዛሪ 3,380 ብር ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ቀጣሪ ብቅ ብሎ «ደመወዝ ከአራት እጥፍ በላይ ጨምረናል» ቢላችሁ፣ ባለበት እየረገጠ መሆኑን ልብ በሉ። በመሃል ደግሞ የዋጋ ንረቱ አለ፣ በ2014 ብቻ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። አክስቴ በ2011 ክፍሉን በ800 ብር ታከራይ ነበር። ዛሬ 3 ሺህ ነው። ጨካኝ ሆና አይደለም፣ እሷም ጤፍ ትገዛለች።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ቁጥር አስቀምጡ። ከጥቅምት 2017 በፊት የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 1,100 ብር ነበር። መጀመሪያ 4,760 ሆነ፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ 6 ሺህ። ጥሩ ነው፣ ያንሳል እንጂ አይበዛም። ግን መንግሥት ለራሱ ሠራተኛ «ከዚህ በታች አይኖርም» ብሎ ካሰላ፣ በአጥሩ ማዶ ያለችው ልጅ ሌላ ገበያ ነው የምትገዛው? ሽንኩርት ለኢንቨስትመንት ቀጣና በቅናሽ ይሸጣል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 በ2011 ሲወጣ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር፣ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን። አዋጁ አርጅቷል። የግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል ዛሬም የለም። የሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በየሜይ ዴይ ይጠይቃል፣ ባለሥልጣናት በየሜይ ዴይ ያጨበጭባሉ፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ።

ወለል ከተደረገ ባለሀብት ይሸሻል የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሁልጊዜ የሚመጣው እሱ ነው። ፒቪኤች ላይ ወለል ነበረ? አልነበረም። ሄደ። በዓለም የልብስ ኢንዱስትሪ የመጨረሻው ርካሽ ደመወዝ ፒቪኤችን በክፉ ቀን አላቆመልንም። ያመጣቸው አጎዋና ተሠርቶ የጠበቃቸው የፋብሪካ ሼድ ነው፣ ያስወጣቸውም ጦርነቱና የአጎዋ መነሣት ነው። ርካሽነቱ የሠራው አንድ ነገር ቢኖር ልጆቹን ማባረር ነው።

ወዴት? ኃላፊው ሠራተኛ የት እንደጠፋ ከልባቸው ማወቅ ከፈለጉ ወደ አየር ማረፊያ ይሂዱ። ሳዑዲ ለቤት ሠራተኛ የሚከፈለው 1 ሺህ ሪያል ገደማ ነው። በብር ሲመነዘር ከ30 ሺህ በላይ። ያለውን ስቃይ ሁሉም ያውቀዋል፣ ልጅቷም ታውቀዋለች። አውቃ ነው የምትሄደው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከፋብሪካ የሚጠፉትን ደግሞ ቡና ለቀማ ላይ ያገኟቸዋል። የሲዳማ ቡና የሚለቀምበት ወር መሆኑን የፋብሪካ ኃላፊ እስካሁን ካልሰማ፣ የሥራ ባህል የጎደለው ማን ነው?

ለማንኛውም፣ ኃላፊው ሌላ ቀን ሬዲዮ ሲጋበዙ አንድ ነገር ይዘውልን ይምጡ። የአንዲት ኦፕሬተር የደመወዝ ወረቀት። ስሟን በእስክሪብቶ አጥፍተው። ከላይ ያለውን ሳይሆን ከታች ያለውን ያንብቡልን፣ ሁሉም ነገር ከተቆራረጠ በኋላ የቀረውን። ጋዜጠኛውም እባክህ ማስታወቂያውን ትንሽ አቆይልን።