እርማት፦ «በጦርነት ላይ ያለ መሪ በምርጫ አይሸነፍም» ለሚለው

ጋሼ፣ ቅዳሜ ደሴ ላይ ቡናው ገና ቶና ሳይደርስ «የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባሕር ማዶ ጦርነት ከከፈተ ምርጫውን በላ ማለት ነው» ብለው ሲደመድሙ ቤቱ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ዝም ያልኩት ለታላቅ ክብር ብዬ እንጂ ተስማምቼ አልነበረም።

ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስ። የእኛው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ ሲዋጋ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ትሩማን ነበሩ። ጦርነቱ ሳያበቃ፣ በ1952 ኒው ሃምፕሻየር ላይ በገዛ ፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ ተሸነፉና ከውድድሩ ወጡ። ወንበሩን የወረሱት አይዘንሃወር ናቸው፤ በምርጫ ቅስቀሳቸው ወደ ኮሪያ ሄጄ ጦርነቱን ለመጨረስ እጥራለሁ ብለው ነበር። በኋላ የመጡት ፕሬዚዳንት ጆንሰንም ግማሽ ሚሊዮን ያህል ወታደር ቬትናም ላይ አሰልፈው ሳለ ነው በ1968 ዳግም እንደማይወዳደሩ በቴሌቪዥን የተናገሩት።

አባት ቡሽ ደግሞ ይብሳሉ። በ1991 ኢራቅን ከኩዌት አስወጡ፤ የሕዝብ ድጋፋቸው ወደ 90 በመቶ ተጠጋ። በዓመቱ ኢኮኖሚው ሲንገዳገድ ግን በክሊንተን ተሸነፉ። ጦርነቱን አሸንፈው እኮ ነው!

ልጅየው ቡሽ በ2004 ማሸነፋቸው እውነት ነው፤ እርስዎም የያዙት ይህንኑ ይመስለኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የኢራቅ ጦርነት መራጩን አስቆጥቶ ፓርቲያቸው ሁለቱንም ምክር ቤቶች አጣ። የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል እንኳ ጀርመን እጅ በሰጠች ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በ1945 ተሸንፈዋል። «እሳቸው አሜሪካዊ አይደሉም» ካሉኝ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ከአቦሉ እንጀምራለን።